በትንሽ ብር ጥሩ ቀይ ወይን፦ አመራረጡም አጠጣጡም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወዳጄ ቤት ለፋሲካ ተጠራሁ። ባዶ እጄን እንዳልሄድ ብዬ መንገድ ላይ ካገኘሁት ግሮሰሪ አንድ ቀይ ወይን ገዛሁ። ከውጭ የገባ ነው፣ ለኪሴም ከበድ ያለ ነበር። ጠርሙሱ የቆመው መስኮቱ ጋ ነው፣ የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊቱ እየመታው፤ ያኔ ግን እሱን ልብ አላልኩም፣ ዓይኔ ያረፈው ወርቃማው ጽሑፍ ላይ ነበር። ስንከፍተው የተቀቀለ ዘቢብ የመሰለ ሽታ መጣ፣ ከኋላው ደግሞ ኮምጣጤ። እንግዶቹ ይሉኝታ ይዟቸው ጠጡት። እኔ አፈርኩ።

ከወር በኋላ ያንኑ ወይን፣ የዚያኑ ዓመት ምርት፣ ሌላ ሱፐርማርኬት ውስጥ ጨለም ካለ መደርደሪያ ላይ አገኘሁትና ነገሩ ሲያንገበግበኝ ስለነበር ደግሜ ገዛሁት። ፍጹም ሌላ መጠጥ ነበር። እንጆሪ እንጆሪ ይላል፣ ለስለስ ያለ፣ አንድ ብርጭቆ ጠጥተው ሁለተኛ የሚያሰኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያመንኩበት ነገር ይኼ ነው፦ ርካሽ ቀይ ወይን የሚያስጠላው አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ ስለሆነ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ሙቀት ስለመታው፣ ወይም እኛ ቤት ከገባ በኋላ በማይሆን ሁኔታ ስለቀረበ ነው። ይኼን ማስተካከል ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሱቅ ስትገቡ

መጀመሪያ ጠርሙሱን ሳይሆን ቦታውን እዩ። መስኮት ላይ ያለ፣ አምፖል ስር ያለ፣ ከፍሪጅ ጀርባ የሚወጣው ሙቀት የሚያገኘው ጠርሙስ ምንም ቢሆን አትንኩት። አዲስ አበባ ራሷ ብርድ ብትሆንም የግሮሰሪ መስኮት ፀሐይ ባለበት ቀን ምድጃ ነው። አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ላላችሁት ደግሞ ይኼ ከምንም በላይ ነው። ባለ ሱቁን «ከካርቶን ውስጥ ያለ የለም?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛው ሰው ሳያቅማማ ከጓሮ ያወጣላችኋል፤ ካርቶን ውስጥ የነበረ ብርሃን አላየም።

ቀጥሎ አንገቱን እዩት። ቡሹ ወደ ላይ ገፍቶ ከወጣ ወይም ከቡሹ ጎን ፈስሶ የደረቀ የሚያጣብቅ ነገር ካለ ወይኑ ሙቀት አግኝቶት ተነፍቷል ማለት ነው። መልሱት። ጠመዝማዛ ክዳን ያለውን ግን አትናቁ። ብዙ ሰው «ቡሽ የሌለው ወይን ወይን አይደለም» ይላል፣ በርካሽ ወይን ግን እኔ ጠመዝማዛውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ቡሽ አንዳንዴ ራሱ ተበላሽቶ ወይኑን እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን እንዲሸት ያደርገዋል። የጠርሙሱ ክብደትና ታች ያለው ጉድጓድ ስለ ጣዕሙ ምንም አይነግሯችሁም። ለከባድ ጠርሙስ የከፈላችሁት ለመስታወት ነው።

ከዚያ ዓመተ ምሕረቱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት ወይኑ የተለቀመበት ነው፣ ከውጭ በመጣ ጠርሙስ ላይ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አስበን ከቆጠርነው በሰባት ስምንት ዓመት እንሳሳታለን። «ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል» የሚለው አባባል ለርካሽ ወይን አይሠራም። ሲቆይ የሚሻሻለው ጥቂት ነው፣ እሱም ውድ ነው። የእኛ በጀት ወይን የተሠራው ቶሎ እንዲጠጣ ነውና ከተለቀመ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለውን ፈልጉ። አቧራ የጠጣ አሮጌ ጠርሙስ በቅናሽ ሲሰጧችሁ ደስ አይበላችሁ። ሰው የሚበዛበት፣ ዕቃው ቶሎ ቶሎ የሚሸጥበት ሱቅ ሁልጊዜ ይሻላል።

ድራይ፣ ሚዲየም፣ ስዊት

ወይን አልወድም የሚለኝ ሰው ሁሉ ሲመረመር ወይ ጣፋጭ ሲፈልግ ድራይ ደርሶታል፣ ወይ ድራይ ሲፈልግ ጣፋጭ ጠጥቷል። ነገሩን ለመረዳት ጠጅን አስቡ። ማሩ በውኃ ተበጥብጦ ገና ሲሆን ብርዝ ነው፣ ይጣፍጣል። ሲቆይ እርሾው ስኳሩን እየበላ ወደ አልኮል ይለውጠዋል፣ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፣ ይበረታል። ጠጅ ቤት «ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ» የምንለው ይኼንኑ ነው። ወይንም እንደዚያው፦ ስዊት ማለት ስኳሩ ያላለቀ፣ ድራይ ማለት ስኳሩ ተበልቶ ያለቀ። ድራይ የተባለው መራራ ስለሆነ አይደለም። ጠጅ ቤት የምታዙት ለስላሳ ከሆነ ወይንም ከጣፋጩ ጀምሩ፣ ማንም ምንም ቢላችሁ አትፈሩ።

አገር ውስጥ ያለውን በዚህ እንየው። የአዋሽ ወይን ፋብሪካ አክሱሚት ጣፋጭ ቀይ ነው፣ ጉደር ደግሞ ድራይ ቀይ ነው። ጉደር ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ በሠርግና በበዓል ጠረጴዛ ላይ ያየነው ነው፣ ቀለል ያለ፣ ጎምዘዝ የሚል፣ ብቻውን ሲጠጣ ሸካራ ነገር ያለው። ባቱ ወይም ዝዋይ በምንላት ከተማ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስትል ከቦርዶ ባመጣው ችግኝ አሸዋማ መሬት ላይ ወይን ተክሎ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ ያወጣው በፈረንጅ 2014 ነው። እርሻውን ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ አስቆፍሮለታል፤ ይኼን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፣ ወይን ባለበት አገር ሁሉ የጉማሬ ጉዳይ አይነሳምና። ከዚያ የሚወጣው አካሺያ ሚዲየም ስዊትም ድራይም አለው። የዚያው ፋብሪካ ሪፍት ቫሊ ደግሞ በወይኑ ዘር ስም ይመጣል፦ ሜርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሲራ።

ታዲያ በተመሳሳይ ብር ከውጭ የገባውን ወይስ የአገር ውስጡን? ከውጭ በሚመጣው ላይ የመርከብ ዋጋ፣ ቀረጥና ኤክሳይዝ ታክስ ይደራረብበታል። ስለዚህ ከውጭ ከገቡት መጨረሻ ርካሽ የሆነውን ስትገዙ ከብራችሁ ውስጥ ለወይኑ የዋለው በጣም ትንሽ ነው። በዚያው ብር የአገር ውስጡ የተሻለ ደረጃ ይገኛል። እኔ በጀቴ ጠበብ ሲል ወደ ሪፍት ቫሊ ሜርሎ እሄዳለሁ፣ ሰፋ ሲል ደቡብ አፍሪካን አያለሁ።

ከዘሮቹ መካከል ጥቂቱን ብታውቁ ይበቃል። ሜርሎ ለስላሳ ነው፣ ለጀማሪ አይከብድም። ካበርኔ ሶቪኞን አፍ ይሰበስባል፣ ሥጋ ይፈልጋል። ሲራ፣ ደቡብ አፍሪካዎችና አውስትራሊያዎች ሺራዝ የሚሉት፣ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል። ፒኖታዥ የደቡብ አፍሪካ ልጅ ነው፤ በፈረንጅ 1925 ፒኖ ኗርን ከሳንሶ ጋር አዳቅለው ያገኙት ሲሆን አንዳንዱ ጠርሙስ ጭስ ጭስ ይላል፣ በወይራ የታጠነ ዕቃ ውስጥ የቆየ እርጎ የሚወድ ሰው ይኼንን ይወደዋል ብዬ አምናለሁ።

ውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ሱፐርማርኬት ገብታችሁ መቶ ዓይነት ጠርሙስ ፊት ለፊት ስትቆሙ ከታዋቂው ቦታ ስም ሽሹ። ናፓ ወይም ቦርዶ የሚል ርካሽ ጠርሙስ ላይ የከፈላችሁት ለስሙ ነው። በዚያው ዋጋ ከፈረንሳይ ኮት ዱ ሮን ወይም ላንግዶክ፣ ከስፔን ጋርናቻ፣ ከፖርቱጋል አሌንቴዡ፣ ከጣሊያን ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩትሶ፣ ከአርጀንቲና ማልቤክ ብትወስዱ ብዙ ጊዜ አትቆጩም። የቺሊ ካርሜኔርም አለ። ቺሊዎች ይኼን ዘር ለረጅም ዘመን ሜርሎ ነው እያሉ ሲያመርቱት ቆይተው ሌላ ዘር መሆኑ የታወቀው በፈረንጅ 1994 ነው። ዛሬም በርካሽ ጥሩ ከሚገኝባቸው አንዱ ነው፣ ትንሽ ቃሪያ ቃሪያ ይላል፣ ለእኛ ምላስ እንግዳ አይደለም።

ከመክፈታችሁ በፊት

«ቀይ ወይን በቤት ሙቀት ይጠጣል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይኼ አባባል የወጣው ከድሮ የአውሮፓ ቀዝቃዛ የድንጋይ ቤቶች ነው እንጂ ከድሬዳዋ ሳሎን አይደለም። ለቀይ ወይን ጥሩ የሚባለው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ቁም ሳጥን ውስጥ የነበረ ጠርሙስ እንዳለ ይከፈታል። በጋ ላይ፣ ወይም ቆላ ከሆናችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገቡት። ጣፋጩን ቀይ ከዚያም በላይ ማቀዝቀዝ ይቻላል፣ ያምርበታል። ወይን ሲሞቅ አልኮሉ ወደ አፍንጫ ይተንና የፍሬውን ሽታ ይሸፍነዋል፣ ርካሽ ወይን ደግሞ የሚሸፈን ትርፍ ሽታ የለውም። በተቃራኒው እንደ ቢራ በረዶ ካደረጋችሁት አፍ መሰብሰቡ ይብሳል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ የግማሽ ሰዓቷን ፍሪጅ ያዙልኝ።

ቡሹ ከተሰበረባችሁ አትደንግጡ፣ ወደ ውስጥ ግፉትና በንጹሕ ማጥለያ ጆግ ውስጥ ገልብጡት። እንዲያውም ባይሰበርም ጆግ ውስጥ መገልበጥ ለሸካራ ወይን ጥሩ ነው፤ አየር አግኝቶ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ሲቆይ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ሲከፈት የክብሪት ሽታ የነበረውም ይጠፋለታል። ጠርሙሱ ታች የተቀመጠ ዝቃጭ ካያችሁ ጉዳት የለውም፣ ቀስ ብላችሁ ቅዱ።

ብርጭቆ ላይ ገንዘብ አታጥፉ። አፉ ከሆዱ ጠበብ ያለ ማንኛውም ብርጭቆ ይሆናል። ብርሌ ግን አይሆንም፤ አንገቱ እጅግ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አይገባበትም፣ ወይኑም አይወዛወዝም። አትሙሉት፣ ሲሶ ይበቃል። ወዝወዝ አድርጉት፣ አሽትቱ፣ ከዚያ ጎንጨት በሉና ከመዋጣችሁ በፊት አፋችሁ ውስጥ አዙሩት።

ምን እንደምትፈልጉ ካላወቃችሁ ይኼው፦ ምራቃችሁ ከምላስ ጎን ከመጣ ያ ጉምዘቱ ነው። ድዳችሁ ከደረቀና አፋችሁ ከተሰበሰበ፣ ልክ ስኳር የሌለው ወፍራም ሻይ ወይም ያልበሰለ ሙዝ ሲቀመስ እንደሚሆነው፣ ያ ታኒን የሚባለው ነው፣ ከወይኑ ልጣጭና ውስጡ ካለችው ጠንካራ ፍሬ የሚመጣ። ሽታው ላይ ደግሞ የመጽሐፍ ቃል አትፈልጉ። እኛ የምናውቀው ሽታ ብዙ ነው፦ ፕሪም፣ ዘቢብ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ የተቆላ ቡና፣ እንጆሪ። ኮምጣጤ ከሸተተ ግን ተበላሽቷል፣ ለመጠጣት አትታገሉ።

ምግቡ ነው ወይኑን የሚያድነው

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ብዙው ስሕተት ያለው እዚህ ነው። የወይን መመሪያዎች የሚያወሩት ስለ ቺዝና ስለ ስቴክ ነው፣ የእኛ ገበታ ላይ ያለው ግን በርበሬና እንጀራ ነው። ሁለቱም ከወይን ጋር የራሳቸው ጠባይ አላቸው።

በእንጀራ እንጀምር። እንጀራ ኮምጠጥ ይላል። የሚጎመዝዝ ምግብ አፍ ውስጥ ሲኖር የወይኑ ጉምዘት ይቀንሳል፣ ፍሬያማነቱ ይወጣል። ጉደርን ባዶ አፍ ቅመሱት፣ ከዚያ ሁለት ጉርሻ እንጀራ በሽሮ ጎርሳችሁ እንደገና ቅመሱት። ሌላ ወይን ይሆንባችኋል። እኔ ይኼን ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው፣ ሸካራ ነው ብዬ ልተወው የነበረውን ጠርሙስ እራት ቀርቦ አብሬ ስጠጣው እስከ ግማሽ አደረስኩት። ስለዚህ ወይን ለመገምገም ከምግብ በፊት ብቻ አትቅመሱ።

በርበሬ ግን ተቃራኒ ነው። አልኮልና ታኒን የበርበሬን ቃጠሎ ያባብሱታል። ዶሮ ወጥ ላይ ጠንካራ ካበርኔ ያቀረበ ሰው እሳት ላይ ቤንዚን ጨመረ። ለዶሮ ወጥ፣ ለቀይ ወጥ፣ ለምስር ወጥ ቀዝቀዝ ያለ ሚዲየም ስዊት አካሺያ ወይም አክሱሚት አቅርቡ፤ ስኳሩ ቃጠሎውን ያበርደዋል። የወይን አዋቂ ነኝ የሚል ዘመድ ጣፋጭ ወይን ነው ብሎ ቢንቅ ዶሮውን አብልታችሁ አስቀምሱት።

ጠንካራው ወይን ቦታው ጥብስ ነው። ዝልዝል ጥብስ፣ የተጠበሰ ጎድን፣ ጨውና ስብ ያለበት ሥጋ ሁሉ ታኒኑን ያለሰልሰዋል፣ ወይኑም በተራው የስቡን ክብደት ከአፍ ላይ ያጥባል። ሲራ በዝልዝል ጥብስ ግሩም ነው። ክትፎ ላይ ቅቤው ይረዳል፣ ሚጥሚጣው ይከብዳል፤ ለብለብ ክትፎ ሚጥሚጣው ቀለል ብሎ፣ ከአይብ ጋር፣ ከሜርሎ ጋር አስማማዋለሁ። ፓስታ በስጎ ለድራይ ወይን ምቹ ነው፣ ቲማቲሙ ራሱ ጎምዛዛ ስለሆነ። የተጠበሰ ዓሣ ላይ ግን ጠንካራ ቀይ አትሞክሩ፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ያመጣል።

ስለ ድብልቅም ላንሳ። ወይን በኮካ ወይም በስፕራይት መጠጣት ነውር የሚመስለው ሰው አለ። ስፔን ውስጥ ባስኮች ቀይ ወይንና ኮካ እኩል በእኩል በበረዶ ይጠጣሉ፣ ካሊሞቾ ይሉታል፤ በበጋ ደግሞ ቀይ ወይን ከሎሚ ለስላሳ ጋር ቲንቶ ዴ ቬራኖ ይባላል። ወይን አምራች ሕዝብ ናቸው፣ የሚጠጡትን ያውቃሉ። አልጣፍጥ ያለ ድራይ ጠርሙስ ካለ በረዶና ስፕራይት፣ ከላይ አንድ ቁራጭ ሎሚ። ጥሩውን ግን አትደባልቁት።

ምላሳችሁን ማወቅ

ብቻውን ጠርሙስ በጠርሙስ እየገዛ የሚማር ሰው ብዙ ያወጣል። እኛ አራት ሆነን በወር አንዴ እንገናኛለን፣ እንደ እቁብ ተራ አለን፣ ባለ ተራው ምግብ ያዘጋጃል፣ ሌሎቻችን በመዋጮ ሁለት ጠርሙስ እንገዛለን። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ እንጠቀልላቸዋለን። ማንም ዋጋውንም ስሙንም ሳያይ ይቀምሳል፣ የወደደውን ይናገራል፣ ከዚያ ይገለጣል። ርካሹ ያሸነፈበት ቀን ብዙ ነው። ሁለቱን ስትመርጡ በአንድ ነገር ብቻ ይለያዩ፦ ያው ሜርሎ አንዱ ከባቱ አንዱ ከደቡብ አፍሪካ፣ ወይም ከአንድ አምራች ሜርሎና ሲራ። እንደዚያ ሲሆን የቀመሳችሁት ልዩነት ከምን እንደመጣ ትደርሱበታላችሁ። የወደዳችሁትን ጠርሙስ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ዓመቱም እንዲታይ። በሦስት አራት ወር ውስጥ ሱቅ ገብታችሁ ሻጩን «ለስላሳ፣ ብዙ አፍ የማይሰበስብ» ማለት ትችላላችሁ፣ እሱም ይገባዋል።

አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር አምስት ብርጭቆ ያህል ይወጣዋል፣ አልኮሉም ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 14 በመቶ ነው፣ ከቢራ በጣም ይበልጣል። በባዶ ሆድ አይሆንም፣ መኪና የያዘ ሰውም በዚያ ምሽት ለስላሳውን ይጠጣ።

የተረፈው

ተከፍቶ የተረፈ ቀይ ወይን ጠላቱ አየር ነው። ክደኑና ፍሪጅ ውስጥ አቁሙት፣ ሦስት አራት ቀን ይቆያል፤ ጣፋጩ ትንሽ ይበልጣል። ከዚህ የተሻለው ዘዴ ግን ጠርሙሱን እንደከፈታችሁ፣ ገና ሳትቀዱ፣ ሁለት ሦስተኛውን ታጥቦ በደረቀ የግማሽ ሊትር አምቦ ውኃ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቶ መክደን ነው። አየር የሚገባበት ቦታ ስለሌለው ሳምንት ቢቆይ አይጎዳም። ያልተከፈተውን ደግሞ ፍሪጅ አናት ላይ አታስቀምጡ፤ ብዙ ቤት የማየው እዚያ ነው፣ እዚያ ደግሞ ሁልጊዜ ይሞቃል። ቁም ሳጥን ታች ወይም አልጋ ስር ይሻለዋል፣ ቡሽ ያለው ከሆነ ተጋድሞ።

ለመጠጣት ደከም ያለ፣ ነገር ግን ኮምጣጤ ያልሆነ ሩብ ጠርሙስ ካለ ማድ ቤት ይግባ። ጥብስ ስትሠሩ ሥጋው ቡናማ ሆኖ ድስቱ ታች መያዝ ሲጀምር ግማሽ ብርጭቆ ድራይ ወይን ጨምሩበትና የያዘውን በማንኪያ እያነሳችሁ እስኪመጥ ጠብቁ፣ ከዚያ ሽንኩርቱንና ሮዝመሪውን። ወይም በርበሬውን በወይን ወፈር ያለ አዋዜ አድርጋችሁ ለውሱት፣ ጨውና ትንሽ ነጭ ሽንኩርት ጨምራችሁ ማታውን አሳድሩት። በነጋታው ቁርጥ ላለበት ቤት ይወሰዳል።